ስለ ከባድ መኪና ነጂዎች የጤና ምርመራ



ስለ ጤና ጥበቃ ሲነገር ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ ንጹሕ ውሃ፥ ስለ ምግብ፥ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ዝንብ ነው። ይህም ትክክለኛ አሳብ ነው። ነገር ግን የጤና ጥበቃ ትምህርት በዚህ ብቻ አይወሰንም፤ ሰው በሥራው ላይ ሳለ በሰውነቱ ድካም ወይም በተሰወረ ሕመም ምክንያት ራሱንና ሌላውን እንዳይጎዳ መጠበቅንም ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የከባድ መኪና ነጂዎች ለሥራው ብቁ መሆናቸው የሚታወቅበትን የጤና ምርመራ እናስረዳለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው የአሜሪካን አገር ሕግ ነው። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሕጉ የዐይንን፥ የጆሮንና የሌላውንም የሰውነት ክፍል ብቃት ለያይቶ፥ በሚቻለውም ቦታ በቁጥር ወስኖ ያስቀመጠ ስለ ሆነ ለትምህርት የተመቸ ነው። ሁለተኛ፥ ከወገኖቻችን ብዙዎች በዚያ አገር የጭነት መኪና እየነዱ ኑሯቸውን ይመራሉ። አባትና እናታቸው፥ ወንድምና እኅታቸው ግን ከእኛ ጋር ናቸው። ልጃቸው በስልክ «የሐኪም ምርመራ ቀርቦብኛል» ሲላቸው ነገሩ ምን እንደ ሆነ ቢያውቁ በጎ ምክር ለመስጠት ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

1ኛ. ምርመራው ያስፈለገበት ምክንያት

በአሜሪካ የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ከተራው መንጃ ፈቃድ የተለየ ነው። ጠቅላላ ክብደታቸው ከ26,000 ፓውንድ፥ ማለት ከ11,793 ኪሎ ግራም በላይ የሆኑትን መኪናዎች፥ ነጂውን ጨምሮ 16 ሰዎችና ከዚያ በላይ ለመጫን የተሠሩትን አውቶቡሶች፥ እንዲሁም ምልክት ሊደረግበት የሚገባ አደገኛ ዕቃ የጫኑትን መኪናዎች ለመንዳት ይህ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፈቃዱ መሠረት በ1986 የወጣው የንግድ መኪናዎች ደኅንነት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነጂ ከተለያዩ ስቴቶች ብዙ መንጃ ፈቃድ እያወጣ፥ በአንዱ ሲቀጣ በሌላው መንዳቱን መቀጠል ይችል ነበር። ሕጉ ግን አንድ ነጂ አንድ ፈቃድ ብቻ እንዲይዝ አዘዘ።

በዚያ አገር ዋና ዋና መንገዶች ላይ አንድ የጭነት መኪና ያለ ልዩ ፈቃድ ሊመዝን የሚችለው እስከ 80,000 ፓውንድ ነው። ይህም ከ360 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው ለአራት ሰከንድ ብቻ እንቅልፍ ቢያሸልበው ወይም ራሱን ቢስት፥ መኪናው ማንም ሳይመራው 89 ሜትር ያህል ሄደ ማለት ነው። በዚህ መካከል የትምህርት ቤት ልጆች መንገድ ሲሻገሩ ይችላሉ፤ ወይም አንዲት እናት ልጇን አዝላ በመንገዱ ዳር ትሄድ ይሆናል። እንግዲህ የነጂው ጤና የራሱ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚባለው ስለዚህ ነው።

2ኛ. መርማሪውና የምስክር ወረቀቱ

ከግንቦት 2014 ጀምሮ ይህን ምርመራ ሊያደርግ የሚችለው በፌዴራል መንግሥት መዝገብ የተመዘገበ መርማሪ ብቻ ነው። መርማሪው የግድ የሕክምና ዶክተር መሆን የለበትም፤ የስቴቱ ሕግ እስከ ፈቀደለት ድረስ ከፍተኛ ሥልጠና ያላት ነርስ ወይም የሐኪም ረዳት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልዩ ትምህርት ተከታትሎ ፈተና ማለፍ አለበት።

መርማሪው ነጂውን ብቁ ሆኖ ሲያገኘው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት ቢበዛ ለ24 ወር ያገለግላል። ክትትል የሚያሻው ሕመም ያለበት ሰው ግን ለአንድ ዓመት፥ ለስድስት ወር ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ዕድሜው ሲያልቅ ያላሳደሰ ሰው የንግድ መንዳት መብቱን ስቴቱ ይቀንስበታል።

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ነጂው ያለፈውንና ያለበትን ሕመም፥ የተደረገለትን ቀዶ ሕክምና፥ የሚወስደውንም መድኃኒት ሁሉ በታተመ ቅጽ ላይ ይሞላል። መድኃኒት ሲባል ሐኪም ያዘዘው ብቻ ሳይሆን ያለ ማዘዣ የተገዛው፥ ከቅጠላ ቅጠል የተዘጋጀውም ሁሉ ነው። ከዚያም የሞላው እውነት መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል።

3ኛ. ዐይን

ነጂው በእያንዳንዱ ዐይኑ፥ በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር፥ ቢያንስ 20/40 የሚባለውን የማየት ኃይል ሊያሳይ ይገባዋል። ትርጓሜውም እንዲህ ነው። ጤነኛ ዐይን ያለው ሰው በ40 ጫማ ርቀት የሚያነበውን ፊደል ተመርማሪው በ20 ጫማ፥ ማለት በ6 ሜትር ያህል ርቀት ሊያነበው ከቻለ የሚፈለገውን አሟልቷል። በሜትር ለሚለኩ አገሮች ይህ 6/12 ይባላል።

ፊት ለፊት ማየት ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ዐይን ወደ ጎን የሚያየው ስፋት ቢያንስ 70 ዲግሪ መሆን አለበት። ከጎን ብቅ የሚል ልጅ ወይም ከብት በመጀመሪያ የሚታየው በዚህ የጎን እይታ ነውና። ደግሞም የትራፊክ መብራቶችን ቀለም፥ ቀዩን፥ አረንጓዴውንና ብጫውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ዐይኑ በደንብ የማያይ ሰው በቀድሞው ሕግ ልዩ ምሕረት ካላገኘ በቀር ከስቴት ወደ ስቴት ለመንዳት አይፈቀድለትም ነበር። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ግን ሁለተኛው ዐይኑ የተፈለገውን ካሟላ፥ የዐይን ሐኪምም መርምሮ ሕመሙ የማይለዋወጥ መሆኑንና ነጂው ከጉድለቱ ጋር የተለማመደ መሆኑን ከመሰከረ፥ በየዓመቱ እየተመረመረ ሊነዳ ይችላል።

4ኛ. ጆሮ

የጆሮው ምርመራ በጣም ቀላል ነው። ነጂው ቢያንስ 5 ጫማ፥ ማለት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቆማል፤ መርማሪው በሹክሹክታ ቃላትን ወይም ቁጥሮችን ይናገራል፤ ነጂው የሰማውን ይደግማል። በተሻለው ጆሮው ከሰማ በቂ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀምም ይፈቀድለታል። በሹክሹክታው ያልሰማ ሰው በድምፅ መለኪያ መሣሪያ ይመረመራል፤ በተሻለው ጆሮው የመስማት ጉድለቱ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል ሊበልጥ አይገባም።

5ኛ. የደም ግፊትና ልብ

የደም ግፊት ከፍ ማለት ብዙ ጊዜ ሕመም አያሰማም። ሰውየው ሲበላ፥ ሲሠራና ሲስቅ ጤነኛ ይመስላል፤ በውስጥ ግን የደም ሥሮቹ፥ ልቡና ኩላሊቶቹ ይጎዳሉ። አንድ ቀን አንጎሉ ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም ልቡ ሲታወክ ነገሩ በድንገት ይገለጣል። ያ ቀን በመሪው ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚውል እንደ ሆነ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ሕጉ የሚለው መንዳትን የሚያሰናክል የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው እንዳይነዳ ነው። በመርማሪዎች ዘንድ ሲሠራበት በቆየው መመሪያ መሠረት፥ ግፊቱ ከ140 በ90 በታች የሆነ ሰው ሌላ ሕመም ከሌለበት የሁለት ዓመት ወረቀት ያገኛል። ከዚያ ከፍ ያለበት ሰው እንደ ከፍታው መጠን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይፈቀድለታል፥ በዚያም ጊዜ ውስጥ ይታከማል። 180 በ110 የደረሰበት ግን ግፊቱ በሕክምና እስኪወርድ ድረስ ከመንዳት ይቆማል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም «ይቆማል» ማለት «ከሥራ ተባረረ» ማለት አይደለም። መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ ግፊቱ የወረደለት ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስለ ልብም እንዲሁ ነው። ራስን የሚያስት፥ ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም በድንገት የሚጥል የልብ ሕመም ያለበት ሰው አይነዳም። የልብ ሕመም ደርሶበት የዳነ ሰው ግን ሐኪሙ በሚገባ መርምሮ ከመሰከረለት ተመልሶ ሊነዳ የሚችልበት መንገድ አለ።

6ኛ. የሚጥል በሽታና የስኳር በሽታ

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከስቴት ወደ ስቴት የንግድ መኪና እንዲነዳ ሕጉ አይፈቅድም። በመድኃኒትም ሆነ ያለ መድኃኒት ለ8 ዓመት ያህል ሕመሙ ያልተነሣበት ሰው ግን ለፌዴራል መንግሥት አመልክቶ ጉዳዩ በልዩ ሊታይለት ይችላል። ይህን በሽታ ርግማን ወይም የመንፈስ ሥራ አድርጎ መመልከት ስሕተት መሆኑንና በሐኪም የሚታከም የአንጎል ሕመም መሆኑን መምህራን ለተማሪዎቻቸው አጥብቀው እንዲነግሩልን እንለምናለን።

የስኳር በሽታን በሚመለከት ሕጉ በኅዳር 2018 ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ልዩ ምሕረት ካላገኘ በቀር አይነዳም ነበር። አሁን ግን ቢያንስ የሦስት ወር የደም ስኳር ልኩን በመሣሪያ እየመዘገበ ለሚያክመው ሐኪም ካሳየ፥ ሐኪሙም ሕክምናው የተረጋጋና ስኳሩ የተቆጣጠረ መሆኑን በቅጽ ከመሰከረ፥ እስከ 12 ወር የሚያገለግል ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ዐይኑን ክፉኛ የጎዳው የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን አይፈቀድለትም።

7ኛ. ሁለት ዓይነት የሽንት ምርመራ

ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለት ምርመራዎች ያደባልቋቸዋል። በጤና ምርመራው ጊዜ የሚሰጠው ሽንት የሚመረመረው ስኳር፥ ፕሮቲን ወይም ደም እንዳለበትና ምን ያህል እንደ ወፈረ ለማወቅ ነው። ይህም የኩላሊትንና የስኳርን ሕመም ይጠቁማል።

የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ግን ሌላ ነው። ነጂው ሥራ ከመግባቱ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ሳይታሰብ በዕጣ፥ ከከባድ አደጋ በኋላና የሚያጠራጥር ጠባይ ሲታይበት ይደረጋል። የሚፈለጉትም አምስት ወገኖች ናቸው፤ እነርሱም ማሪዋና፥ ኮኬይን፥ አምፌታሚን፥ ከኦፒየም ወገን የሆኑ መድኃኒቶችና ፌንሳይክሊዲን ናቸው። ማሪዋናን በሚፈቅድ ስቴት የሚኖር ነጂ እንኳ በዚህ ምርመራ ይወድቃል፤ የነጂዎቹ ሕግ የፌዴራል ነውና። ከጥር 2020 ጀምሮ ምርመራው የወደቀ ወይም አልመረመርም ያለ ነጂ ስም በአንድ ብሔራዊ መዝገብ ይገባል፤ ቀጣሪዎችም ሁሉ ያዩታል። ከኅዳር 2024 ወዲህ ደግሞ በዚያ መዝገብ የተከለከለ ሰው የታዘዘውን ምክርና ሕክምና እስኪፈጽም ድረስ የንግድ መንዳት መብቱን ስቴቱ ያነሣበታል።

ስለ መጠጥም ሕጉ ጥብቅ ነው። የንግድ መኪና ነጂ በደሙ ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን 0.04 በመቶ ከደረሰ ጥፋተኛ ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባሉት አራት ሰዓቶች ውስጥም መጠጣት አይፈቀድለትም።

8ኛ. እንቅልፍና ጫት

በዚያ አገር የጭነት መኪና ነጂ 10 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ካላረፈ በቀር ሥራ አይጀምርም። ከዚያ በኋላ ሊነዳ የሚችለው ቢበዛ 11 ሰዓት ነው፤ ይህም ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በሚቆጠር በ14 ሰዓት ውስጥ መፈጸም አለበት። 8 ሰዓት ከነዳ በኋላም ቢያንስ የ30 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው።

ነገር ግን በአልጋ ላይ መተኛት ሁሉ ዕረፍት አይደለም። አንዳንድ ሰው፥ በተለይም የወፈረና አንገቱ የደነደነ ሰው፥ ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ በተደጋጋሚ ይቋረጣል። በኃይል ያንኮራፋል፤ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከዚያም እንደ ታነቀ ሰው ይባንናል። ሌሊቱን ሙሉ የተኛ እየመሰለው ቀን ሲያንቀላፋ ይውላል። መርማሪው ይህን ከጠረጠረ ወደ እንቅልፍ ሕክምና ይልከዋል። ሕክምናውም በአፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭንብል አየር የሚገፋ መሣሪያ ሲሆን፥ በሚገባ የተጠቀመበት ሰው ነቅቶ ይውላል። የዚህ ሕመም ምስክር ብዙ ጊዜ በሽተኛው ራሱ ሳይሆን አጠገቡ የምትተኛው ሚስቱ ናት፤ ስለዚህ የሰማችውን ብትናገር ባሏን አዳነችው እንጂ አላሳጣችውም።

እንቅልፍን ለማባረር ጫት የሚቅሙ ነጂዎች እንዳሉ ማንም የሚያውቀው ነው። በእርጥብ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ፤ ጠባዩም ወደ አምፌታሚን የቀረበ ነው። በኢትዮጵያ ጫት ባይከለከልም፥ በአሜሪካ ግን ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ጋር ተመድቧል። የነጂዎቹም የጤና ሕግ በዚያ ምድብ ያለውን ማናቸውንም ዕፅ የሚጠቀም ሰው ብቁ እንደማይሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ለወንድም ለዘመድ ብሎ የደረቀ ጫት በጓዝ ውስጥ የሚልክ ሰው ስጦታ የላከ ይመስለዋል እንጂ እንጀራውን የሚያሳጣ ነገር ልኮለታል። ከሕጉም በላይ የተፈጥሮ ሥርዓት አለ። ጫት የእንቅልፍን ስሜት ለጊዜው ይሸፍናል፤ ለሰውነት የሚያስፈልገውን እንቅልፍ ግን አይተካም። ምርቃናው ሲያልፍ የቆየው ድካም በአንድ ጊዜ ይመጣል፥ ነጂው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

9ኛ. ሕመምን ስለ መደበቅ

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ይህ ተረት ለነጂዎች የተነገረ ይመስላል። ሁለት ነጂዎችን በአሳባችን እንመልከት። ሁለቱም ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ ሁለቱም በአገር ቤት የሚረዷቸው ወላጆች አሏቸው።

የመጀመሪያው «ከተናገርሁ እንጀራዬን አጣለሁ» ብሎ ፈራ። በቅጹ ላይ «ስኳር የለብኝም» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አገኘ። ከዚያ ወዲያ ግን መርፌውን በድብቅ ስለሚወጋ አንዳንድ ቀን ይዘለዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከወጋ በኋላ ለመብላት ጊዜ ያጣል። አንድ ሌሊት በመንገድ ላይ ላብ ያጠምቀዋል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ አሳቡም ይደባለቃል። የደሙ ስኳር ወርዷል። በቀጣሪው ቤት ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ማንም አይደርስለትም። አደጋ ቢደርስ ደግሞ የሐሰት ፊርማው ይገለጣል፤ የምስክር ወረቀቱም ዋጋ ያጣል።

ሁለተኛው ግን እውነቱን ተናገረ። ሦስት ወር ስኳሩን መዘገበ፤ ሐኪሙም ቅጹን ሞላለት፤ የአንድ ዓመት ወረቀት ተቀበለ። በመኪናው ውስጥ መለኪያውንና ስኳር ያለበት መጠጥ ይይዛል። ስኳሩ መውረዱ ሲሰማው መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ያቆማል፥ ይለካል፥ ጣፋጭ ነገር ይወስዳል፤ ልኩ እስኪመለስም አይነዳም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው የፈራው ነገር ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ የማያስፈራ ነበር፤ እርሱን የጎዳው ሕመሙ ሳይሆን መደበቁ ነው።

ስለዚህ ልጅ በባዕድ አገር ያለው ወላጅ ሁሉ ይህን ምክር ይስጥ። «ሕመምህን ለመርማሪው ንገር፤ የሌላ ሰው ኪኒን አትዋጥ፤ መድኃኒትህን አታቋርጥ፤ ሲደክምህ ቁም» ይበለው። ገንዘብ ከመላኩ በፊት ጤናውን ይጠይቀው። ሰውየው ብዙ ጊዜ ዕረፍቱን የሚሠዋው ለእኛ ለመላክ ሲል ነውና።

10ኛ. በክፍል ውስጥ የሚሠራ ልምምድ

መምህራን የሚከተሉትን ያለ ምንም ወጪ ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ይችላሉ።

ሀ/ የጎን እይታ። ተማሪው አንድ ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ፊት ለፊት ወዳለ አንድ ነጥብ ይመልከት። ሌላው ተማሪ ጣቱን ካልተሸፈነው ዐይን ወገን፥ ከጆሮ ኋላ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ፊት ያምጣ። ተመልካቹ ዐይኑን ሳያንቀሳቅስ ጣቱን ባየ ጊዜ «አየሁ» ይበል። ከዚያ በሌላው ዐይን ይደገም።

ለ/ ሹክሹክታ። መምህሩ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፥ ተማሪው ከንፈሩን እንዳያይ አድርጎ፥ ሦስት ቁጥሮችን በሹክሹክታ ይናገር። ተማሪው አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ የሰማውን ይድገም።

ሐ/ ሒሳብ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ነጂው ለሦስት ሰከንድ ቢያንቀላፋ ስንት ሜትር ይጓዛል? መልሱ 50 ሜትር ነው። ተማሪዎቹ ወደ ሜዳ ወጥተው ይህን ርቀት በእርምጃ ይለኩት፤ በዐይናቸው ያዩትን አይረሱምና።

በእነዚህ ልምምዶች ጊዜ በደንብ የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ ከተገኘ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍረው ለወላጆቹ ያስታውቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይላክ። ሰነፍ የተባለ ልጅ መነጽር ብቻ የጎደለው ሊሆን ይችላል።

11ኛ. ማጠቃለያ

የነጂ ምርመራ ሰውን ከእንጀራው ለማባረር የተሠራ ወጥመድ አይደለም። ዓላማው ነጂው በደኅና ወጥቶ በደኅና እንዲገባ፥ መንገደኛውም እንዳይጎዳ ነው። በአገራችንም መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው የጤና ምርመራ ይጠየቃል። ይህን ምርመራ ወረቀት ለማሟላት ብቻ የሚደረግ አድርጎ መቁጠር ታላቅ ስሕተት ነው። ተመርማሪው እውነቱን ይናገር፤ መርማሪውም ሳያይ አይፈርም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ በመለኪያ የተገኘ ሕመም በመንገድ ላይ ከሚገለጥ ሕመም እጅግ ይቀላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የ20/40 የማየት ኃይል ትርጓሜው ምንድን ነው?
2. የደም ግፊት ሕመም ሳይታወቅ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ የሚችለው ለምንድን ነው?
3. በጤና ምርመራ ጊዜ የሚሰጠው ሽንትና ለአደንዛዥ ዕፅ የሚመረመረው ሽንት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. ጫት እንቅልፍን የማይተካው ለምንድን ነው?
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ነጂ ቢኖር ከዚህ ትምህርት የትኛውን ምክር ትነግሩታላችሁ? ምክንያታችሁንም ጻፉ።